በጆሮው ላይ የቀረች ሲጋራ

ዩኤላን ሲጋራ ያቆመችው በሃያ አራት ዓመቷ፣ አንድ ማለዳ፣ ጀልባ ላይ ቆማ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ከባሕሩ የወጡትን ሥጋቸው የሚበላ ዛጎሎች፣ ኦይስተር የሚሏቸውን፣ በቢላዋ እየፈለቀቀች ሳለ የትምባሆው ሽታ አስጠላት። ከወገቧ የትምባሆ ከረጢቷን ፈትታ ውኃው ላይ ወረወረችውና ሥራዋን ቀጠለች። ባሏ ጂንሹይ ነገሩን ያወቀው ከሁለት ወር በኋላ፣ የራሱ አልቆበት ከእሷ ሊወስድ ሲመጣ ነበር።

«የለኝም» አለችው።

«መቼ አለቀ?»

«ትቼዋለሁ።»

የተነገረው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት አልፏል፤ ዩኤላን ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አላወራችም፤ የሚወራ ነገር መሆኑም ታይቷት አያውቅም። እንግዲህ ባሏ በስልሳ ሁለት ዓመቱ ሲጋራ ለማቆም ተነሥቶ ሰፈሩን ሁሉ ሲያምስ ብትንቀው አይፈረድባትም።

ጂንሹይ ድሮ እጁ የማይሰንፍ ሰው ነበር፤ ይህን አትክድም። የሰፈራቸው የሻጂንግ ባሕር ከተበላሸና ገሚሱ በአፈር ከተሞላ ወዲህ ግን ዛጎሉም ሰውየውም አብረው አለቁ። በአባቱ መሬት ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቤት አቆመና ክፍሎቹን ለፋብሪካ ሠራተኞች አከራየ። ከዚያ በኋላ ሥራው መቀመጥ ሆነ። ጠዋት ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ከሰዓት በኋላ የዘመድ አዝማዱ በሆነው በዜንግ ዘር አዳራሽ ማህጆንግ የሚሉትን የጠጠር ጨዋታ ሲጫወት ይውላል። በሁለቱም ቦታ ያጨሳል። ከዚያ ቤቱ ይመጣና ሚስቱ ስለምታበስለው ዓሣ ጨው አስተያየት ይሰጣል።

ሲጋራ አቁም ያለው ሐኪም አልነበረም፤ ሐኪምማ ስንት ጊዜ ብሎት ስንት ጊዜ ሥቋል። ያለችው የልጁ ሚስት ፔይሩ ናት። ፔይሩ ከሩቁ የሁናን ክፍለ ሀገር የመጣች፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ቃሏ ግን የማይታጠፍ ልጅ ናት። አባቷ በሳንባ ሕመም ሲሞት አልጋው አጠገብ ሆና ሳሉን ስትቆጥር የከረመችው እሷ ነበረች። አራት ወር ያረገዘች ጊዜ፣ ከባሏ ከዌይታኦ ጋር ከሚኖሩበት ከሎንግኋ መጥተው ምሳ ከበሉ በኋላ፣ ብርቱካን እየላጠች እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ እማማ፣ እንዳትቀየሙኝ። ሥራ ስጀምር ልጁን እማማ ቢያሳድጉልኝ ደስታዬ ነው። ሲጋራ የሚጨስበት ቤት ግን ልጄ አያድርም። እንደዚያ ከሆነ እናቴ ጋ ሁናን ይሄዳል።»

ለዩኤላን ሁናን ማለት ልጁን በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአዲስ ዓመት በዓል ማየት ማለት ነው። ዌይታኦን ያሳደገችው ጀልባ ላይ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ እጇ በዛጎል እየተቆረጠ ነበር፤ ፊቱን አይታ ሳትጠግበው አደገ። ይህኛውን ቁጭ ብላ ማየት ፈለገች። ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ጂንሹይ። «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።»

ይህን ብሎ ሰገነት ላይ ወጥቶ አጨሰ። የመጨረሻዋ ናት አለ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሉ ቢንግ የሚባል የጉይጆ ክፍለ ሀገር ሰው ተከራይቶ ይኖራል። በሰፈሩ ካሉት፣ የኒኮቲን እንፋሎት የሚሳብበትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ከሚሠሩ ፋብሪካዎች በአንዱ የማሽን ጠጋኝ ነው። እሱ ራሱ በዚያ ነገር ሲጋራ ትቷል። መጀመሪያ ሲጋራውን ጨርሶ ጣለ፤ ከዚያ የኤሌክትሪኩን ብቻ ይዞ ኒኮቲኑን በየጊዜው እየቀነሰ ሄደ፤ በዓመቱ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና አላነሣውም። ለጂንሹይ የመጀመሪያውን ያመጣለት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለው ሲሰጠው። «ይሄ የሚረዳዎ ሲጋራውን ፈጽመው ከተዉ ነው። ሁለቱን አብረው ከያዙ ምንም አልተዉም ማለት ነው።»

«አንተ ልታስተምረኝ ነው? እኔ ያጨስሁት አንተ ሳትወለድ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው፣ ጋሼ።»

ጂንሹይ ሰባት ዓይነት ጣዕም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እያንዳንዱን እየሳበ፣ እንደ ሻይ ቀማሽ አፉን እያጣጣመ ግማሽ ቀን አሳለፈ። በመጨረሻ ሐብሐብ መረጠ። መሣሪያውን በገመድ አሥሮ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ቁልፍ፣ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቀድሞ ቢያንስ ለማጨስ ሰገነት ይወጣ ነበር፤ አምስት ፎቅ መውጣት ራሱ ይቀንስለት ነበር። አሁን ቴሌቪዥን ሲያይ ይስባል፤ ሽንት ቤት ይስባል፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ይስባል። ዩኤላን ትራሷ ሐብሐብ ሐብሐብ ሸተታት።

«የዌይታኦ አባት» አለችው አንድ ጠዋት፣ «ጡጦህን ከአፍህ አውጣና ሩዝህን ብላ።»

«ጡጦ ነው ያልሽው?»

«ልጁ ሲወለድ እንዳይቀላቀልባችሁ ፈርቼ ነው።»

ስሙ ጡጦ ሆኖ ቀረ። ተከራዮቹም «ጋሼ፣ ጡጦዎ ደረጃው ላይ ወድቋል» ማለት ጀመሩ። እሱ ግን አላፈረም፤ ይልቁንም ኩራት ጨመረ። አትክልት ለምትሸጠዋ ሴት፣ ለፀጉር ቆራጩ፣ ፖስታ ለሚያመጣው ልጅ ሁሉ ሲጋራ እንዴት እንዳቆመ ይተርክላቸዋል። ሰውነቴ ቀለለ ይላል። የዝንጅብል ሽታ እንደ ልጅነቴ ይሸተኛል ይላል። ዩኤላን ቅርጫቷን ይዛ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። የሸሚዙን ኮሌታ የምታጥበው እሷ ናት፤ ኮሌታው የሚለውን ታውቃለች።

«ይሄ ሐብሐብ አይደለም፤ የትምባሆ ሽታ ነው» አለችው።

«አዳራሹ ውስጥ ሌሎቹ ያጨሳሉ። በኔ ላይ ያርፋል።»

«ጣትህም ላይ ያርፋል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ከማመን ውሻ ማመን ይቀልሻል።»

ይቀላታል፤ ግን ሸሚዙን ወስዳ ዘፈዘፈችው። ይህች ባሏን ስትከታተል የማትውል፣ ኩሩ ሴት የፈጸመችው አንድ ውርደት ቢኖር ይኸው ነው፤ ያላመነችውን ነገር ያመነች መሰለች። ፔይሩ በየሳምንቱ ስትደውል መጨረሻ ላይ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ትጠይቃለች፤ «አባባ እንዴት ናቸው?» ዩኤላን «አቁሟል» ትላታለች። አቁሟል ማለት እየለመደባት ሄደ። ስልኩን ባስቀመጠች ቁጥር በራሷ ትናደድና ንዴቷን ሰውየው ላይ ትመልሰዋለች።

ወንድ ልጅ ተወለደ። ዱዱ አሉት። ፔይሩ አራስነቷን በሎንግኋ፣ ከሁናን በመጣችው እናቷ እጅ ጨረሰች። ወር ሲሞላው ድግሱ በሻጂንግ፣ በዘር አዳራሹ ተደገሰ። ዩኤላን ሁለት ቀን ሙሉ እንቁላል ስትቀቅልና እንደ አገሩ ልማድ ቀይ ስትቀባ፣ የአሳማ እግር ከዝንጅብልና ከኮምጣጤ ጋር ስትጥድ ከረመች። በጠረጴዛዎቹ ላይ የሲጋራ ፓኮ እንዳይቀመጥ ፔይሩ ለመነች፤ ዌይታኦም አዘዘ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙና የራሳቸውን ከየኪሳቸው አወጡ።

ከቤት ሳይወጡ ዩኤላን የባሏን አዝራር እየቆለፈች እንዲህ አለችው፦

«ሲጋራ ሲዘረጉልህ ትቻለሁ በል። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

«በልጅ ልጄ ድግስ ሰው ፊት ልንሳ? ሰው ደስ ብሎት የዘረጋልኝን እንቢ ልበል?»

«እንቢ አትበል። ትቻለሁ በል።»

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ በለው።»

«አንቺ የወንዶች ወግ አታውቂም» አለና ጡጦውን ሳብ አድርጎ ወጣ።

የወንዶቹን ወግ አሳምራ ታውቃለች። እንግዳ ሁሉ ሲገባ ለሕፃኑ አያት ሲጋራ ይዘረጋል፤ አያቱ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ወዲያው ማጨስ ካልቻለ ጆሮው ላይ ይሰካታል፤ ሰጪውም ይከበራል። ጂንሹይ በር ላይ ቆሞ ተቀበለ። በቀኝ ጆሮው ሰካ፤ በግራ ጆሮው ሰካ፤ ሁለቱን ወደ ኪሱ አወረደና እንደገና ሰካ። ለአንድም ሰው ትቻለሁ አላለም። ዩኤላን ሳሕን ይዛ በወዲያና በወዲህ ስትል አንድ ነገር ገባት፤ ለአትክልት ሻጭና ለፀጉር ቆራጭ ለወራት የተተረከውን ታሪክ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰማ አንድም ወንድ የለም።

ቀድሞ የጀልባቸው አለቃ የነበረው ሽማግሌው አሹን እንቁላል እየላጠ ጮክ ብሎ አረጋገጠላት።

«ጂንሹይ፣ ዛሬ ጆሮህን ማስጌጥ ነው እንጂ አታጨስም? ትናንት የኔን ፓኮ እዚህ ቁጭ ብለህ ጨርሰህ የለ።»

ሰው ሣቀ። ጂንሹይም ሣቀ። ፔይሩ ልጇን ታቅፋ ከአጠገባቸው ነበረች፤ አልሣቀችም፤ ነገር ግን ከሰው ፊት ናትና ልጁን ወደ አያቱ ዘረጋች። ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጂንሹይ ዱዱን ተቀበለ፤ ፊቱ በእውነት በራ፤ ሊስመው ጎንበስ አለ። በቀኝ ጆሮው ላይ የነበረችው ሲጋራ ተንሸራታ ሕፃኑ አገጭ ሥር፣ መጠቅለያው ላይ ወደቀች።

«ተመልከቱ» አለ አሹን፣ «አያቱ ገና በወሩ ጋበዘው።»

ፔይሩ ሲጋራዋን በሁለት ጣቷ አነሣችና ከቀዩ እንቁላል አጠገብ አስቀመጠቻት።

«አባባ፣ ይቺ የማን ናት?»

«የሰው ናት። ክብር ነው፣ ልጄ፤ አላጨሳትም። እኔማ የማጨሰው ይሄን ነው» አለና ጡጦውን ከደረቱ አንሥቶ፣ ማስረጃ ሊያቀርብ፣ ጥልቅ አድርጎ ሳበው። ጢሱ በአፍንጫው ወጣና በሕፃኑ ግንባር ላይ ተንሳፈፈ። ዱዱ አስነጠሰ።

ይህ ሰው ሞኝ ቢሆን ኖሮ ዩኤላን ታዝንለት ነበር። ሞኝ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ማዕበልን ከሰማዩ ቀለም ያነበበ ሰው ነው። ያን ጊዜም ጢሱን በእጁ እያራገበ ዙሪያውን ያየው ልጁ ምን ሆነ ብሎ ሳይሆን ማን አየኝ ብሎ ነበር።

ፔይሩ ልጇን ወሰደች። ወደ ዩኤላን መጣችና ድምፅዋን ሳታነሣ፣

«እማማ፣ አቁሟል ብለውኝ ነበር» አለች።

«ብዬሽ ነበር» አለች ዩኤላን። «ዋሽቼሻለሁ።»

«ከነገ ወዲያ ከእናቴ ጋር ሁናን እንሄዳለን። ሥራ ስጀምር ልጁ እዚያው ይቀራል።»

ዩኤላን የያዘችውን ሳሕን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሎንግኋ ቤታችሁ ውስጥ ሶፋ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

«ይዘረጋል?»

«አይዘረጋም። አጭር ነው።»

«እኔም አጭር ነኝ» አለች ዩኤላን። «የባቡሩን ትኬት ለእናትሽ ብቻ አድርጊው። እኔ እመጣለሁ።»

ፔይሩ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ዩኤላን ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከተተች፤ የዛጎል መፈልቀቂያ ቢላዋዋንም ጨመረች፤ ምን ልታደርግበት እንደሆነ ግን አታውቅም። ጂንሹይ በሩ ላይ ቆሞ ጡጦውን ይስባል።

«በአንዲት ሲጋራ ነው እንግዲህ ቤት የሚፈርሰው» አለ።

«ቤትህ አምስት ፎቅ ነው፤ አይፈርስም።»

«ማን ያበስልልኛል?»

«ጨውን አሳምረህ ታውቃለህ። ጀምር።»

«ዩኤላን፣ በእውነት አቆማለሁ። አሁን ገና ልተው ነበር።»

«ስትተው አትንገረኝ» አለችው። «እኔ አልነገርሁህም።»

ሉ ቢንግ ሻንጣዋን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመላት፤ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለዚህም ወደደችው።

ሎንግኋ እንደ ደረሰች ልጁን አልነካችም። ልብሷን ሁሉ አውጥታ አጠበች። የሐብሐቡ ሽታ ለቀቀ፤ የትምባሆው ግን ስፌቱ ውስጥ ቀርቶ ነበርና በሦስተኛው ቀን እንደገና ዘፈዘፈችው። ልብሱን በምትጨምቅበት ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ጂንሹይ ነበር። ስለ ልጁ ሊጠይቅ ነው ብላ እጇን ሳትጠርግ አነሣችው።

«የጡጦዬን የቻርጅ ገመድ አይተሻል?» አለ።

«የማህጆንጉ ሳጥን ሥር ነው» አለችው። «ከጥቁሩ ገመድ ጋር ተጠላልፏል።»

«እ፣ አገኘሁት።»

ስልኩን ዘጋችና ሸሚዟን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨመቀችው፤ አሸተተችው፤ ምንም የለውም። ሰጣችው፤ እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች፤ ለበሰችውና ወደ ሕፃኑ ገባች።