መርዶ ይዞ ዝቋላ የወጣው ሰው

ተስፋሚካኤል ቃሊቲ ውስጥ የከባድ መኪና ስብራት ሲበይድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። አባቱ በምድር ባቡር ሥራ መጥተው አቃቂ ሰፈሩ፤ እሱም እዚያው ተወለደ፣ ጢም ሳያበቅል ጋራዥ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ወሬ አያበዛም። ሾፌሮቹ "ተስፋዬ አንድ ቃል ከሚያወጣ አንድ ተሳቢ ቢበይድ ይቀለዋል" እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስቱ ወለተሥላሴ ግን ለሁለቱም የሚበቃ አንደበት ነበራት። ክር ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጩኸት መሃል እያወራች ስለኖረች፣ ቤቷ ገብታም ድምጿን ዝቅ ማድረግ አትችልም። እሱም ያንን ድምፅ ሳይሰማ ማደር አይሆንለትም ነበር።

ሲጋቡ ሁሉ ነገር ሞላላቸው፤ ልጅ ብቻ እምቢ አለ። ዓመት ዓመትን ወለደ እንጂ እሷ አልወለደችም። ሐኪሙ ተስፋ ሲያስቆርጣት በመጋቢት አቦ ከሰፈር ሴቶች ጋር ዝቋላ ወጣች። ዝቋላ ከቃሊቲ ሩቅ ነው፤ ሰማዩ ጠራ ባለ ጠዋት ግን ብቻውን ቁጭ ያለ የተራራ ጀርባ ሆኖ ከወዲያ ይታያል። ወለተሥላሴ አናቱ ላይ ካለው ሐይቅ ዳር ተንበርክካ "አቦዬ፣ አንድ ብቻ ስጠኝ፤ ሁለተኛ አልጠይቅህም" ብላ ተሳለች። በዓመቱ ወንድ ልጅ ታቀፈች። በአማኑኤል ዕለት ስለተወለደ ዘአማኑኤል አሉት። እንዳለችውም ሁለተኛ አልመጣም።

ዘአማኑኤል አደገ፣ ተማረ፣ ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ከሳሪስ እስከ ዱከም ያለውን የፋብሪካ በር ሁሉ አንኳኳ። አባቱ ብየዳ ላስተምርህ ቢለው "እስኪ ትንሽ ልሞክር አባዬ" ይላል። አንድ ማለዳ ከጎረቤት ልጅ ከቢቂላ ጋር በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ መውጣቱ ተሰማ። ከናይሮቢ ደወለ። ከታንዛኒያም አንዴ ደወለ፤ ጫካ ውስጥ እንደሆኑ፣ መኪና እየጠበቁ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ዝምታው ሲረዝም ወለተሥላሴ ጋቢዋንና በሶዋን ቋጥራ ተነሣች።

"የሰጠኝ እሱ ነው፤ የሚመልስልኝም እሱ ነው። የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ከዝቋላ አልወርድም" አለች።

ተስፋሚካኤል አልከለከላትም። እቤት ተቀምጣ ስልኩን አፍጥጣ ስታይ ከመዋል ይሻላል ብሎ አሰበ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተሳቢ ሥር ተኝቶ ሲበይድ ስልኩ ጮኸ። የውጭ አገር ቁጥር ነው። የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገፍቶ አነሣው።

"ጋሼ ተስፋዬ... ቢቂላ ነኝ።"

"ቢቂላ! የት ናችሁ? አማኑ አጠገብህ ነው? ስጠኝ እስኪ!"

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። "ወባ ያዘው ጋሼ። ጫካ ውስጥ ነበርን። መድኃኒት የለ፣ የሚጠጣ ውኃ የለ... ትንሽ ተሸክሜው ነበር። በእጄ ቀበርኩት። ይቅር ይበሉኝ።" ስልኩ ተቋረጠ።

ተስፋሚካኤል መከለያውን መልሶ የጀመረውን ጨረሰ። እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ከተሳቢው ሥር ሲወጣ ግን ጎማ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በዛብህ ቤት ሄዶ ነገራቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው የሚደረገውን ነገሩት።

"እናትየው ሳትረዳ ድንኳን አይተከልም። ተራራ ላይ ደግሞ እንዳትነግራት። ገደል አለ፣ ሐይቅ አለ፤ የእናት ሆድ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። እህትሽ አሰጋሽ ታማለች ብለህ አውርዳት። በማለዳ ቤቷ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት እናረዳታለን።"

"ውሸት አልችልበትም ጋሼ።"

"የመርዶ ውሸት ውሸት አይባልም፤ ልጄ።"

የሚወስደው ሰው ቸገረው። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም እየተባለ ባለ መኪና ሁሉ አቅማማ። ከጋራዡ ፊት ለፊት መለዋወጫ የሚሸጠው ሙህዲን፣ የስልጤ ሰው፣ ይህን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ የፒካፑን ቁልፍ አነሣ። "ዘአማኑኤል ከልጆቼ ጋር ከአንድ ሳህን የበላ ልጅ ነው። ሌላ ሰው አትለምን" አለው። ዱከምን፣ ቢሾፍቱን አልፈው የአቧራውን መንገድ ያዙ። የተራራው እግር ሲደርሱ ሙህዲን መኪናውን አቆመ።

"እዚህ እጠብቃችኋለሁ። እሷ ከፊት ትቀመጥ፤ አንተ ከኋላ ትሆናለህ" አለ፤ ወንበሩን በጨርቅ እየጠረገ።

ተስፋሚካኤል ዳገቱን ብቻውን ተያያዘው። ጉም ከላይ ይወርዳል፤ ከጽዱ መሃል ጉሬዛ ይጮኻል። የሚወርዱ ምዕመናን "ጻድቁ ይርዱህ" እያሉት ያልፋሉ። እሱ ግን እንደ ተማሪ ቃሉን ያጠናል፤ "አሰጋሽ ታማለች። ሆዷን ነው። ሐኪም ቤት ተኝታለች።" ትንፋሹ ሲቆራረጥ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል፤ "አሰጋሽ ታማለች።"

ገዳሙ በር ላይ አባ ወልደየሱስ የሚባሉ መነኩሴ አገኘ። የወለተሥላሴን ስም ሲጠራ የአባ ፊት ፈካ።

"የዘአማኑኤል እናት! ልጇን በስሙ ሳናነሣ የምናድርበት ሌሊት የለም። ይመለሳል ብላ እኛንም አሳምናናለች።"

ተስፋሚካኤል እዚያው ቆሞ ተንሰቀሰቀ። ሁሉንም ነገራቸው። እህቷ ታማለች ሲላት እርሳቸውም ሂጂ እንዲሏት እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው።

አባ ከእግራቸው ሥር አነሡት። "እዚህ ቆሜ ያልታመመውን ታሟል አልልም። አላጋልጥህምም። ሂድ፤ ሐይቁ ዳር ናት።"

ወለተሥላሴ ጠበል የያዘ ጄሪካን አዝላ ሽቅብ ትመጣለች። ከስታለች፣ ፀሐይና ብርድ አጥቁሯታል። ዓይኗ ግን እንደ ልጅነቷ ያበራል። ስታየው ጄሪካኑ ከጀርባዋ ወደቀ።

"ደወለ?" አለችው።

ዳገቱን ሙሉ ያጠናውን ጀመረ። "አሰጋሽ ታማለች" አለ እንደምንም።

"ምን ሆና?"

"ሆዷን። ሐኪም ቤት ናት። እንውረድ።"

"ታዲያ የታመመ ሰው ወደ ጠበል ይመጣል እንጂ፣ ከጠበል ወደ በሽተኛ ይወረዳል? አምጧት እዚህ!" አለችና ጄሪካኗን ለማንሣት ጎንበስ አለች። ግን አላነሣችውም። ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ተስፋዬ፣ ተናገር።"

"ቢቂላ ደወለ" አለ እሱ። የቀረውን እንዴት እንዳወጣው አያውቅም፤ ወባውን፣ ጫካውን፣ በእጄ ቀበርኩት ያለውን።

ጩኸት ጠበቀ። ክንዷን ሊይዝ፣ ወደ ውኃው ስትሮጥ ሊከለክል ተዘጋጅቶ ቆመ። እሷ ግን እንደ ዳኛ ትጠይቀው ጀመር።

"የት ቀበረው?"

"ጫካው ውስጥ።"

"ከማን ጋር?"

"እንጃ... አልነገረኝም።"

"ማተቡን አውልቆ ይዞታል? ልብሱን?"

"ወለቴ፣ ስልኩ ተቋረጠ።"

"ጥሎት ሄዷል" አለች። ድምጿ የፋብሪካው ድምፅ አልነበረም፤ እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ከአፏ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። "ልጄ ታሞ መራመድ አቃተው፤ ጥለውት ሄዱ። ጣልኩት ማለት አሳፈረው፤ ቀበርኩት አለ።"

ተስፋሚካኤል ይህን አላሰበውም ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጁ ሞቶ፣ አፈር ለብሶ፣ ወዳጁ አልቅሶለት ነበር። አሁን ግን ዛፍ ሥር ብቻውን የተጋደመ፣ የሚሄዱትን ሰዎች ጀርባ የሚያይ ልጅ ፊቱ ድቅን አለበት። የቱ እንደሚብስ አላወቀም።

"ተይ ወለቴ፣ በአቦ ተይኝ!"

"የሰጠኝ ሳይነግረኝ አይወስደውም። ሬሳውን ላላየሁት ልጅ ደረት አልመታም። በሕይወት ያለ ልጅ ይለቀስበታል?"

እጇን ያዘና ወደ ቁልቁለቱ ጎተታት። ዛፍ አቅፋ እምቢ አለች። ያን ጊዜ በዕድሜው ሁሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ጮኸባት።

"ሞቷል! ልጅሽ ሞቷል!"

ሐይቁ ቃሉን መልሶ አሰማው። ጠበልተኞች ዘወር ብለው አዩት። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ተስፋሚካኤል እጇን ለቀቀና ፊቱን ሸፈነ።

ወለተሥላሴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ውረድ፤ ሰው ይጠብቅሃል" አለችው፤ ጄሪካኗን አዝላም ወጣች።

ቁልቁለቱን ሲወርድ የቢቂላን ቁጥር ደወለ፤ አይሠራም። መንገዱን እየሳተ፣ እየተደናቀፈ፣ ደጋግሞ ደወለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ቀብረኸዋል ወይስ ትተኸዋል? ስልኩ ያን ቀንም ከዚያ ወዲያም አልተነሣም።

ሙህዲን ተስፋሚካኤል ብቻውን ሲመጣ አየ። ከፍቶ የጠበቀውን የፊት በር ቀስ ብሎ ዘጋና ሞተሩን አስነሣ።

ጋሽ በዛብህ ብዙ አወጡ፣ አወረዱ። በመጨረሻ "አባትም ሐዘንተኛ ነው" ብለው ድንኳኑን አስተከሉ። ተስፋሚካኤል ጥቁር ለብሶ ተቀመጠ። ሰፈሩ መጣ፣ ጋራዡ መጣ፣ ሾፌሮች ከየመንገዱ መጡ። የቢቂላ እናትም መጣች፤ የእሷ ልጅ በመትረፉ ያጠፋች ይመስል ፊቷን ሸፍና በድንኳኑ አፍ በኩል ከመሬት ተቀመጠች። ተስፋሚካኤል አጠገቧ ሄዶ "ልጅሽ ደውሎልሽ ያውቃል?" ሲላት፣ "እኔም ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ" አለችው። አመናት። የዘአማኑኤል እናት ተራራው ላይ ምን እንደለበሰች፣ ማን አጽናንቷት እንደሆነ ሰው በሹክሹክታ ይጠያየቃል። እሱ ማልቀስ ይጀምርና "ብቻውን ተኝቶ ይሆን?" የሚለው ሐሳብ እንባውን መሃል ላይ ያደርቀዋል።

በሠልስቱ ቀን ወለተሥላሴ በድንኳኑ አፍ ቆመች። ማን እንዳመጣት የጠየቀ የለም። ነጭ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። ሴቶቹ ብድግ ብለው ዋይታውን ሊያቀልጡት ሲሉ እጇን አነሣች።

"ዝም በሉ፤ እንዳትጮኹ!"

ሴቶቹ ተመልሰው ተቀመጡ። በሰዉ መሃል አልፋ ባሏ አጠገብ፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ በዛብህ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት።

"እኔ ለልጄ ለቅሶ አልመጣሁም ጋሼ" አለቻቸው። "የመጣሁት ልጁ የሞተበትን ሰው ላጽናና ነው።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረችና የተቃጠለ፣ የተቆራረጠ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። "አልቅስ ተስፋዬ። እኔ እይዝሃለሁ።"

ተስፋሚካኤል ያን ጊዜ ነው ወጥቶለት ያለቀሰው።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ አንድ ቤት ውስጥ እሱ በጥቁር፣ እሷ በነጭ ኖሩ። አርባው ሲደርስ ፍትሐት ላስፈታ ብሎ እየፈራ ጠየቃት።

"አስፈታ" አለችው። "አልከለክልህም። እኔን ግን ነይ አትበለኝ።"

ማለዳ ብቻውን ወጣ። ሙህዲን ተከትሎት ሄዶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመ። ቄሱ የልጁን ስም ከሙታን ጋር ሲጠሩ ተስፋሚካኤል ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ ያድርግ፣ ይሳሳት፣ አላወቀም። እቤት ሲመለስ ወለተሥላሴ ምሳ አቅርባ ጠበቀችው። ስለሄደበት ነገር አልጠየቀችውም፤ እሱም አላነሣም። አንድ ጉርሻ አጎረሰችው። አኝኮ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።