ከላይ የማይታይ እርሻ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ያዘዘኝ ነገር ይህ ነው፦ የአየር ፎቶውን ተመልከት፤ ጣሪያ ወይም የተመነጠረ መሬት ካየህ ቡኒ ቀባ፤ ዛፍ ብቻ ካየህ አረንጓዴ። ቡኒ ማለት ሰው አለ፣ አረንጓዴ ማለት ሰው የለም። አዲስ አበባ ካርታ ስሠራ የሸበትኩ ሰው ነኝና፣ ይህን ሲያስረዳኝ ጧቱ ማለቁ ገረመኝ።

በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ በኋላ ከከተማው ዳር አቮንዴል እስቴትስ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ የደን ጥበቃ ድርጅት ቀጠረኝ። አለቃዬ ዳዊት እዚሁ ያደገ የሐበሻ ልጅ ነው፤ ጫካ የሚወደው ኤሲ ሥር ተቀምጦ ነው። «ጋሽ ታደሰ፣ ፋይሉን ሴቭ አድርገሃል?» ይለኛል፤ ማክበሩም ማቃለሉም በአንድ ትንፋሽ።

በመካከለኛው አሜሪካ፣ በቤሊዝና በጓቲማላ ድንበር ላይ፣ ማያ የሚባሉ የጥንት ሕዝቦች ከተማ ፍርስራሽ አለ። ግማሹ በአንዱ አገር፣ ግማሹ በሌላው። ድርጅታችን ፍርስራሹንና ዙሪያውን ያለውን ደን አንድ ፓርክ ላድርግ ብሎ ተነሳ። የሁለቱ አገር ባለሥልጣኖች አትላንታ መጡና የድንበሩ መስመር በካርታው ላይ ምን ያህል ይወፍር ብለው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። በመጨረሻ ነጠብጣብ ይሁን ተባለ። ነጠብጣቡን አደረግኩት፤ ተጨበጨበ። በዚያ ቀን የዳነ ዛፍ ግን አላየሁም።

ለወጉ ያህል ከዚያው ደን አንድ ገበሬ ተጋብዞ ነበር፤ ዶን አንሰልሞ ይባላል። ካርታው ላይ ቤቱን ፈልጎ አጣው። የወንዙን መታጠፊያ በጣቱ ነካና፣ እዚህ ነው የምኖረው አለ። ቦታው ድብን ያለ አረንጓዴ ነው። ቸኮላት የሚሠራበት ካካዎውም አቮካዶውም በትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው፤ ጎጆው የዘንባባ ክዳን ነው። ፓርኩ ሲታወጅ ደግሞ ቡኒው ላይ ያለ ይቀራል፤ አረንጓዴው ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ ይወጣል።

ዳዊትን ወደ ዳር ወስጄ፣ ይርጋጨፌም ቡናው ጥላ ሥር ነው፣ ከአውሮፕላን ብታየው ሰው የለም ትላለህ አልኩት። «ሊስን ጋሽ ታደሰ፣ ዳታው ላይ ከሌለ የለም» አለኝ።

ዶን አንሰልሞ በአስተርጓሚው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ጎረቤቴ ዛፉን ሁሉ ጨፍጭፎ ከብት አስገባበት። እሱን ለምን አታስወጡትም?»

ዳዊት ካርታውን አየና፣ «እሱማ ይታያል» አለ።

ዶን አንሰልሞ ግን አልተቆጣም፤ እንደገባው ሰው ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ።

በዓመቱ አዲስ ፎቶ መጣ። የወንዙ መታጠፊያ ላይ ደኑ ተመንጥሮ ምድሩ ራቁቱን ቀርቷል፤ መሃሉ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። ቡኒ ቀባሁት። ፓርኩ ሲታወጅ ዶን አንሰልሞን የነካው የለም፤ ሰው አለ ተብሏላ! ካካዎው ግን ጥላውን አጥቶ ደረቀ ሲሉ ሰማሁ።

ዳዊት ያቺን ቡኒ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ያሳዝናል፣ እነዚህ ሰዎች ደኑን ጨረሱት እኮ» አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ያን ደን ያስመነጠርነው እኛ ነን። ካርታ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰው የለም ብላችሁ ከመቀባታችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ።