የማይንኳኳ ጀንፈል

ሰሞኑን ቴፒ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ከዩኒቨርሲቲ ግቢያችን አጥር ማዶ ያለው ገበሬ ከነገለፈቱ የሚደርቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣል፤ ፀሐይ ስትመታው የሚያወጣው ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ሽታ በመስኮት ገብቶ እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል። ባለፈው ማክሰኞ የሂሳዊ አስተሳሰብ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ድምዳሜ» ብለው ጽፈው ከሥሩ «ማስረጃ» ሲሉ ያ ሽታ መጣ፤ እኔም እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብላ ወዳለችው ቀበሌያችን፣ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተመለስኩ።

ክፍላችን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ዝናብ ሲወርድ ድምፅ ስለማይሰማ መምህራችን ቲቸር ተስፋሁን ጠመኔያቸውን ይዘው እስኪያባራ ፈገግ ብለው ይጠብቁ ነበር። ከወሎ የመጡ ወጣት ነበሩ፤ በመጡ ሰሞን ጭቃችን አንድ ጫማቸውን ነጥቋቸው በካልሲ ክፍል ገብተው አስተምረዋል። ሥነ ዜጋ ያስተምሩን እንጂ ትምህርቱ ምንም ይሁን ምን ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «በምን አወቅህ?»

መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ያስፈራን ነበር። አንድ ቀን ግን አብራኝ የምትቀመጠው አስቴር እፍኝ ጀንፈል ይዛ መጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፈችና፣ እኛ ቤት ቡና ደረቀ የሚባለው አባቴ ስላለ አይደለም፣ ጆሮ ላይ ተነቅንቆ ነው አለቻቸው። የደረቀው ፍሬ ውስጡ ይንኳኳል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። ቲቸር አንዱን አንሥተው ጆሮአቸው ላይ ነቀነቁትና እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍላችን ማንኛውም ወሬ ሳይነቀነቅ አያልፍም ነበር። አንዱ አጎቴ ነብር በዱላ ገደለ ሲል ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ነቅንቀው! ነቅንቀው!» እንላለን፤ ልጁም አጎቱ ነብሩን እንዳባረረው፣ ቀጥሎም ነብሩ ሲሮጥ እንዳየው፣ በመጨረሻም ድመት ሊሆን እንደሚችል ያምናል። አስቴር ራሳቸውን ቲቸርንም አልማረቻቸውም። አንድ ጊዜ በእናታቸው አገር ከብርዱ ብዛት ውኃ እንስራ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ያድራል ብለው ሲያወሩን፣

«ቲቸር፣ አይተው ነው ሰምተው?» አለች።

«እናቴ ነግራኝ ነው።»

«እንግዲያው አይንኳኳም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ተሸነፉ።

በዚያው ዓመት የገበሬዎች ማኅበሩ የቀበሌውን ጀንፈል ሰብስቦ በአንድ መኪና ጫነ፤ መኪናው ግን ቡናው ሻግቷል ተብሎ ከነጭነቱ ተመለሰ። አንድ ሰው እርጥብ ቀላቅሏል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ የሰውየው ስም ወጣ፤ ጋሽ ዳዊት፣ የአስቴር አባት። ጆንያው ረጥቦ ነበር አሉ። በርክክቡ ዕለት ዝናብ ያልነካው ጆንያ እንዳልነበረ የሚያነሣ አልተገኘም። ከማኅበሩ ከተባረረ ቡናውን የሚቀበለው የለም፤ ቡናው ካልተሸጠ ደግሞ የአስቴር ትምህርት ያበቃል። ይህን ራሷ ጥፍሯን እየበላች ነገረችኝ።

ቲቸር ጥፋተኛ ነውም፣ ንጹሕ ነውም አላሉም። ሂዱና በትሕትና ጠይቁ ብቻ አሉን፤ ያየ ካለ በቀኝ፣ የሰማ ካለ በግራ ጻፉ። ሄድን። ባለሱቋ እትዬ ዘይነባ ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሰማሁ አሉ፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከማኅበሩ ዘበኛ፤ ዘበኛው ደግሞ ስኳር ሊገዛ ሄዶ ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ። ሌሎቹም ሁሉ ወይ ከአንዱ፣ ወይ ከሌላው። በትንሿ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ላይ ስሞቹን ጽፈን በቀስት ስናያይዛቸው ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደተነሣበት ቦታ ገባ፤ የቀኙ ወገን ባዶውን ቀረ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እውነትን በዓይናችን ያየናት መሰለን፤ ለሌላውም ማሳየት ብቻ የሚበቃ መሰለን።

ማኅበሩ በጋሽ ዳዊት ጉዳይ በተሰበሰበበት ቀን ሰሌዳዋን ተሸክመን ሾላው ሥር አቆምናት። አስቴር ነጠላዋን አጥብቃ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀስቶቹን አንድ በአንድ አስረዳች። ሊቀመንበሩ አቶ ማሞ ተነሥተው መጡና በከዘራቸው ጫፍ ቀስቶቹን ሳይሆን ስሞቹን እየነኩ ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እንግዲህ ተመልከቱ፤ ይሄ ሁሉ ሰው ይዋሻል?»

«አይዋሽም!»

«ልጆቹ እንኳ ደረሱበት እኮ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ቲቸር ተነሥተው፣ አባቶቼ፣ እባካችሁ ቀስቱን ተከተሉ፣ ያየ ሰው የለም ቢሉ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ቡና የት ያውቃሉ! ይቀመጡ» የሚል ሳቅ አስቀመጣቸው። ጋሽ ዳዊት ማንበብ ባይችልም የጎረቤቶቹ ስም ሲጠራ ሰምቷል። ሰሌዳዋን ለረጅም ጊዜ አያት። በመጨረሻ ያለው «አስቴርዬ፣ በይ አንሺው፤ ይበቃል» ብቻ ነበር።

አባረሩት። የሚቀጥለው ቡና ሳይቀላ ቤተሰቡ ራቅ ወዳለችው ቱም ከተማ ሄደ፤ አስቴር እዚያ ገበያ ውስጥ ጨው ትሸጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አላየሁም። ቲቸር ዓመቱን መጽሐፉን እያነበቡ ጨረሱ። አንድ ቀን ከኋላ «ነቅንቀው!» የሚል ድምፅ ቢነሣም የሳቀ የለም፤ ቲቸርም ወደ ሰሌዳው ዞረው መጻፋቸውን ቀጠሉ። በክረምት ተዛውረው ሄዱ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በዚህ ትምህርት ጥሩ ውጤት አለኝ፤ መምህራችንም ጎበዝ ይሉኛል። ምስጋናው በተሰጠኝ ቁጥር ጎኔ ያለውን ወንበር አየዋለሁ። ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ በጋሽ ዳዊት ደጅ አለፍኩ። ከሌላ ቦታ የመጡ አንዲት ሴት ቡናውን ይለቅማሉ። ሰላም ብያቸው የማን ቤት እንደነበር የማላውቅ መስዬ ጠየቅኋቸው።

«የዚያ እርጥብ የቀላቀለው ሰውዬ ነዋ!»

«በምን አወቁ፣ እናቴ?»

ሴትየዋ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ለእንግዳ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው ነገሩኝ።

«እሱማ የተጣራ ነገር ነው፣ ልጄ። የትምህርት ቤት ልጆች መርምረው ሰሌዳ ላይ ጽፈውታል አሉ።»

ማክሰኞ ዕለት መምህራችን ከየአካባቢያችን አንድ የጠነከረ ማስረጃ በምሳሌ እንድንሰጥ ጠየቁ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትነሣው እጄ ደብተሬ ላይ ቀረች። ሽታው በመስኮት ይገባል፤ ከአጥሩ ማዶ ገበሬው ጀንፈሉን በእጁ ያገላብጣል፤ አንዱን አንሥቶ ጆሮው ላይ ሲነቀንቅም በመስኮቱ አየሁት።