የፊት ነፋስ

ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ብስክሌት አለ። ፔዳሉ ሲመታ፣ ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የሜዲትራንያን ባሕር ዳርና ዳገታማ መንደሮቹ ያልፋሉ። መንገዱ ሲያልቅ ሕክምናውም ያበቃል።

ጉልበቱን የሚታከም አንድ አዛውንት በየጠዋቱ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። ሽርጡን በልብስ መቆንጠጫ ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ ብስክሌቱ ላይ ይወጣና ጉዞ ይጀምራል። ኩርባ ሲመጣ ባሕር እንዳይገባ ያዘነብላል፤ ቁልቁለት ላይ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል። ጉልበቱን የምታክመው ሃምዳ ሳቋን ዋጥ ታደርጋለች።

"ሃምዳ፣ ማራገቢያውን ከኋላዬ አድርጊልኝ አቦ። ዳገት ላይ የፊት ነፋስ አይቻልም።"

"እሺ አባባ።"

ሰው እንዲህ ነው፤ ስንዝር ሳይራመድ እንኳ የሚያማርረው ነፋስ አያጣም።

የሸሚዙ ቁልፎች በሦስት ዓይነት ክር የተሰፉ ናቸው፤ የሰፋቸውም እሱ ራሱ መሆኑ ከስፌቱ ያስታውቃል። መጥቶ የሚወስደው ሰው ታይቶ አያውቅም።

ትናንት ሃምዳ፣ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ጉልበትዎ ድኗል። መንገዱም ነገ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ መመላለስ የለም" አለችው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ፣ መርዶ እንደተነገረው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዛሬ የመጨረሻው መንደር ከባሕሩ ማዶ ብቅ አለ። ሁለት ኩርባ ሲቀረው እግሩ ዘገየ።

"ሃምዳ" አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ "ማራገቢያውን ወደ ፊቴ መልሺልኝ።"

ሃምዳ አልሳቀችም። አዙራ ፊቱ ላይ አቆመችለት፤ ቁልፉንም እስከ መጨረሻው ፍጥነት አዞረችው።