ሚስማር ፋኑን ዝም ያሰኘች ዕለት

ጎረቤቴን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሚስማር ነው የምንላት። አንዴ የገባችበትን ነገር ካልጨረሰች ጉጠት አይነቅላትም። እሷና እኔ አንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር እንኖራለን። ኮምፒውተሯ ሥራ ሲጀምር እኔ ቤት ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም።

ሥራዋ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስሉን የሚሸከመው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ክፍል እንደ ጉድ ይግላል። እንዳይቃጠል ከፋብሪካ የመጡ ሁለት ትንንሽ ፋኖች አሉት፤ ሥራ ሲበዛ እንደ ወፍጮ ይጮሃሉ። እሷም ጩኸቱን ሽሽት ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ከጠዋት እስከ ማታ ትቀመጣለች።

ከኋላዋ አባቷ ተኝተዋል። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ድምፃቸውም ሰለለ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ በየሳምንቱ እየመጣች «ካላወሩ ምላስዎ ይተሳሰራል» ትላቸዋለች። እሳቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ድሮም ያላለቀ ልብስ ለደንበኛ አሳይተው አያውቁም፤ ያላለቀ ቃል ሰው ፊት ማውጣትም እንደዚያው ሳይሆንባቸው አልቀረም። ሚስማር ግን «ተስፋ ቆርጧል፤ ድምፁ ጠፍቶ ሊቀር ነው» እያለች ታለቅስ ነበር።

ነገሩን ያከረረው መውደቃቸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠምቷቸው ራሳቸው ሊነሱ ሲሉ ከአልጋ ወደቁ። እሷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ አልሰማችም። ያወቀችው ስክሪኑ ድንገት ሲጨልምና የተንጋለለ እግር ሲያንጸባርቅባት ነው። ተመስገን፣ ከግንባር እብጠት የከፋ ነገር አልደረሰም። በማግስቱ ጠራችኝ።

«ወይ ይሄ ፋን ዝም ይላል፣ ወይ ሥራውን እተዋለሁ።»

«ሥራውን ትተሽ ምን ልትበሉ?»

«ስለዚህ ፋኑ ዝም ይላል።»

በሳምንቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ጸጥ ያለ ማቀዝቀዣ ለብቻው እንደሚሸጥ ነገረንና ዋጋውን ሲጠራው ሁለታችንም ወደ በሩ አየን። ሌላ መላ እንዳለ ስትጠይቀው «አዲስ ካርድ ግዢ» አላት። እሷ ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነበር። እዚያ ካርቶን ሙሉ፣ ከተጣሉ ኮምፒውተሮች የተፈቱ ትልልቅ ፋኖች አሉ።

«እነዚህስ?»

«የኮምፒውተር ሳጥን ፋኖች ናቸው፤ ካርድ ላይ አይገጥሙም።»

«መግጠሙን ለእኔ ተወው።»

ሳምንቱን ሙሉ ስታነብ ከርማለች። ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ ቢዞርም ብዙ አየር ይገፋል፤ ትንሹ ያንኑ አየር ለመግፋት መሮጥ አለበት፤ የሚጮኸውም ለዚያ ነው። ያልተሰነጠቁ ሁለት ፋኖች መርጣ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና አንዲት ቱቦ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ጨምራ ወጣች። ጠጋኙ ከኋላችን «ካቃጠልሽው እኔ የለሁበትም!» እያለ ይጮሃል።

እሑድ ጠዋት ጠረጴዛውን አባቷ አልጋ አጠገብ ስባ ሥራ ጀመረች። እኔ ባትሪ ያዥ ሆንኩ። እያንዳንዱን ነገር ለአባቷ እያስረዳች ነው የምትሠራው። «አየህ አባባ፣ ቺፑ ሙቀቱን ለዚህ ብረት ይሰጣል። ነፋሱ ደግሞ ብረቱ ላይ ማረፍ አለበት።» የፋብሪካውን ፕላስቲክና ፋኖቹን ፈታች። ብረቱ መሃል የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ አወጣች። ብረቱን አንስታ ቺፑ ላይ የደረቀውን ቅባት ጠርጋ ምስር የምታህል አዲስ ጠብታ አኖረችና ብረቱን መለሰች። ከዚያ ሁለቱን ትልልቅ ፋኖች በማሰሪያ ጠፍራ አሰረቻቸውና ኮምፒውተሩን አበራች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኮ!»

ደስታችን ሩብ ሰዓት አልቆየም። ከባድ ሥራ ስትሰጠው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሙቀት ሰማንያን፣ ዘጠና ዲግሪን አለፈና ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ፊቷ አመድ መሰለ። ማሰሪያውን አጥብቃ ሞከረች፤ ያው። ፈታ ደግማ አሰረች፤ ያው። እኔ ፈሪዋ «የድሮውን መልሺ፣ ይቅርብሽ» ስላት «ባትሪውን አስተካክለሽ ያዢ» ብቻ አለችኝ።

በዚህ መሃል አልጋው ተደበደበ። አባቷ ናቸው፣ በግራ እጃቸው። እንድታበራው በጣታቸው አሳዩ። ስታበራው ከብርድ ልብሱ ጠርዝ አንድ ክር መዘዙና ፋኑ ፊት ያዙት። ክሩ ወደ ብረቱ በመሳብ ፋንታ ወደ እኛ ተወዘወዘ። አባባ ልጃቸውን ቅንድባቸውን ሰቅለው አዩዋት። እጅጌ ገልብጦ የሰፋ ስንት ለማጅ በዚያ ዓይን ታይቶ ይሆን!

«ገልብጬ ነው ያሰርኩት!» ብላ ግንባሯን መታች። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ጀርባውን ከፊቱ ሳትለይ!

ማሰሪያውን ቆርጣ ፋኖቹን አዞረች። ያንኑ ከባድ ሥራ ስትሰጠው ሙቀቱ ወጣ፣ ወጣና ስልሳ ስምንት ላይ ቆመ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ንቅንቅ አላለም። ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ ከታ በማግስቱ የምታስረክበውን ሠርግ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ ምስሉን መቁረጥ ጀመረች። እኔ የተበተኑ ብሎኖች እለቅማለሁ።

«ትከሻው… ጠቧል።»

ሁለታችንም ደነገጥን። ስክሪኑ ላይ ሙሽራው በሱፍ ልብሱ ቆሟል። ድምፁ ከአልጋው ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ የሚጎተት፣ ግን የሚሰማ።

«እጅጌውም… አጥሯል። ማነው የሰፋው?»

ሚስማር ቀስ ብላ ዞረች። «አባባ! መናገር የጀመርከው መቼ ነው?»

አባባ ግራ ገባቸው። «ሁልጊዜ አወራሻለሁ እኮ። ሙሽራ… ባለፈ ቁጥር።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዝም ያልሽውማ… አንቺ ነሽ።»

ሚስማር ስታለቅስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላየሁም። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጠርጋ ወንበሯን አልጋው ጎን አስጠጋች፤ ቪዲዮውንም ከመጀመሪያው አስነሳችው።

«በል እንደገና ንገረኝ» አለችው። «አንድም ሳታስቀር።»