በሩን ያልከፈትኩበት ጠዋት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ወደ ዶራሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሠራ ሕንፃ ላይ ዘበኛ ነበርኩ። ዛሬም የኮንክሪት ሚክሰር ድምፅ ስሰማ ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል፤ ተቀምጬ ከሆነም ብድግ እላለሁ።

ሕንፃዎቹ ሁለት ናቸው። ከፊት ባለአንድ ፎቅ ሱቅ፣ ከኋላ ለመኖሪያ የሚሠራ ባለአምስት ፎቅ። የሁለቱም የምድር ቤት ምሰሶዎች ፌሯቸው ታስሮ፣ ጣውላቸው ተመትቶ አድሯል። ጠዋት ሚክሰሩ መጥቶ ይሞላቸዋል ተብሏል።

ሰላማዊት የምትባል ከአገር ቤት የመጣች ወጣት መሐንዲስ ነበረችን። ሥራ ከጀመረች መንፈቅ አልሞላትም። ሁልጊዜ "አባባ፣ እንዴት አደሩ?" ሳትለኝ አታልፍም። ያን ጠዋት ግን ያየችኝም አይመስለኝ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትመላለሳለች። ከጣውላው በላይ ብቅ ያለውን ፌሮ ትጨብጥና ትተወዋለች።

"ምነው ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አልኳት።

"አባባ፣ አንድ ፎቅ የሚሸከመውና አምስት ፎቅ የሚሸከመው ፌሮ እንዴት እኩል ይሆናል?"

ላፕቶፗን ይዛ መጥታ በር ላይ ካለችው ቤቴ ጥላ ሥር ተቀመጠች። "እስክነግርዎ ድረስ መኪናውን እንዳያስገቡብኝ" አለችኝ። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። በትከሻዋ በኩል ባይ ኤክሴል የሚሉት ሠንጠረዥ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቁጥር።

ሚክሰሩ መጣና ጥሩምባውን ለቀቀው። ሾፌሩ ዋይስ የዚሁ አገር ሰው ነው። አማርኛን ድሬዳዋ ሲመላለስ ለምዷል፤ እኔን ግን በሶማሊኛ "አድየር"፣ አጎቴ ነው የሚለኝ።

"አድየር፣ ተኝተሃል እንዴ? ክፈት!"

"ትንሽ ታገሥ።"

"እኔ ልታገሥ፣ ኮንክሪቱ ይታገሣል? በዚህ ፀሐይ እመኪናው ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሊሆንብኝ ነው። ደግሞ ጫት ከገባ ማን ያራግፋል? አንተ?"

እውነቱን ነው። እዚህ አገር እኩለ ቀን አልፎ ጫት ከገባ ሥራ የሚባል የለም።

የሰላማዊት ስልክ ጮኸ። ሼፉ ነው፣ አለቃችን። በፈረንሳይኛ ሲቆጣ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ዘግታው ወደ እኔ ዞረች።

"ዛሬ ካልተሞላ ነገ እንዳትመጪ አለኝ።"

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እጄን አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። የእኔም እንጀራ ነው እኮ። ዋይስ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጅቷ ሠንጠረዡን ትነካካለች፣ እኔ በሩ ሥር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። መቆሙም መቀመጡም አልሆነልኝም።

በመጨረሻ "አገኘሁት!" ብላ ጮኸች።

"ምኑን?"

"የሁለቱም ሕንፃ ምሰሶዎች ስማቸው አንድ ነው። ፌሮውን ከሠንጠረዡ ስፈልግ ኮምፒውተሩን በስሙ ብቻ ጠየቅኩት፤ እሱም መጀመሪያ ያገኘውን፣ የሱቁን ፌሮ ሰጠኝ። አባባ፣ እርስዎ ሰፈር ካርቲየ 7 ቢስ ሄጄ 'መሐመድ!' ብዬ ብጣራ ማን ይወጣል?"

"በር ላይ የተቀመጠው ነዋ!" አለ ዋይስ። ለካ ከመኪናው ወርዶ የበሩን ፍርግርግ ይዞ ይሰማናል። "የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ ካላልሽ የምትፈልጊውን መሐመድ አታገኚውም።"

"እኔም እሱን ነው የረሳሁት" አለች። ከዚያ የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ምሰሶ እያለች ሦስቱን አንድ ላይ ኮምፒውተሩን ትጠይቀው ጀመር። የኋለኛው ሕንፃ ፌሮ በጣም መወፈር ነበረበት።

"ይክፈቱለት አባባ። የፊተኛው ልክ ነው፣ እሱ ይሞላ። የኋለኛውን ግን ዛሬ ማንም አይነካውም።"

ከፈትኩ። ዋይስ "ተመስገን፣ ጫቴም ተረፈች" እያለ ገባ።

ሼፉ ከነቁጣው ደረሰ። ሰላማዊት ላፕቶፑን አዞረችለት። ጎንበስ ብሎ አየው። ወደ ኋላ ሄዶ ልክ እንደ እሷ ፌሮውን ጨበጠ፣ ተወው። "ይፈታ" አለ። እሷም በማግስቱ ሥራዋ ላይ ነበረች።

አሁን እዚያ ሕንፃ ላይ ሰው ይኖራል። በየመስኮቱ ልብስ ተሰጥቶ ይታያል። በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ ሳላይ አልሄድም፤ ደስ ይለኛል። ልቤ ግን ጨርሶ አላረፈም። በየሰፈሩ አዲስ ፎቅ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ መሐንዲሶቹን፣ 'ስሙን ብቻ ነው የጠየቃችሁት ወይስ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ ብላችኋል?' ልላቸው ይቃጣኛል።