መሪጌታ አባቴና የቻይናው መርፌ

ይህ የደረሰው ባለፈው ክረምት ነው፤ የፍልሰታ ጾም ገብቶ ሳምንት ያህል እንዳለፈ። ሰው ስለ ቻይና መርፌ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በተለይ «እውነት ይሠራል ወይስ ሰው ስላመነበት ብቻ ነው የሚሻለው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ከዚያች ቀን ሳልጀምር መልስ መስጠት አይሆንልኝም።

ደብረ ታቦር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ክርክር እወዳለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ሰው ብታጪ ከግድግዳ ጋር ትሟገቻለሽ» ይለኛል፤ አልዋሸም። አባቴ ደግሞ ገሳይ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፈው ሲያዜሙ የኖሩ ሰው፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ወገባቸውን ያማቸው ጀመር። ሕመሙ በቀኝ እግራቸው እየወረደ ቆሞ ማስቀደስ እንኳ ከለከላቸው።

ሐኪም ቤት «ዲስክ ነው» ተባሉ። የታዘዘላቸው ክኒን ጨጓራቸውን አቃጠለው። «ይተኙ፣ ይረፉ» የሚለውን ምክር ደግሞ ጭራሽ አልሰሙትም። «ተማሪ በትኜ የምተኛው የሞትሁ ዕለት ነው» አሉ። ተማሪዎቻቸው ግን ከወዲሁ አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሌላ መምህር መሄድ ጀምረው ነበር። አባቴ አልተናገሩትም፤ ፊታቸው ላይ ግን አየሁት።

ከተማችን ውስጥ ሲሳይ የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ። ከቻይና ሐኪሞች ጋር ሲሠራ የተማረውን የመርፌ ሕክምና አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሰጣል። ጎረቤቴ ትከሻዋ እንደዳነላት ለአባቴ ነገረቻቸውና እኔን ሳያማክሩ ቀጠሮ ያዙ። እኔ ስሰማ ነደደኝ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ እምነት ነው» አልኳቸው እራት ላይ። «ተመራማሪዎች ለአንዱ እውነተኛውን፣ ለሌላው የውሸቱን መርፌ ወግተው ሲያወዳድሩ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሰውየው ስላመነ ነው የሚሻለው።»

«ማመኑ ነው የሚያድነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ።»

«እሽ» አሉና እንጀራቸውን ቆረሱ። ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ሲሳይ መርፌዎቹን ሲያዘጋጅ አባቴ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ስትወጋ የምትደግመው ነገር አለ?» ብለው ጠየቁት። እንደ ጥንቆላ ያለ ነገር እንዳይኖርበት ፈርተው ነው።

«የለም የኔታ፣ እርስዎ ይድገሙ፣ እኔ ልውጋ» አላቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ በሆዳቸው ተኝተው፣ መርፌው ወገባቸውና ባታቸው ላይ እንደ ችግኝ ቆሞ፣ እሳቸው ጸሎታቸውን በቃላቸው ሲያነበንቡ ግማሽ ሰዓት ይቆያሉ።

ከጥቂት ቀጠሮዎች በኋላ ምርኩዛቸውን በር ላይ እየረሱ መግባት ጀመሩ። የእግራቸው ሕመም ለቀቅ አደረጋቸው። መሻላቸው ደስ አሰኘኝ፤ ክርክሩን መሸነፌ ግን ቆጨኝ።

ሲሳይ አጥብቆ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፦ በባዶ ሆድ መርፌ የለም። ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ጾሙ ሲገባ የአባቴ የነፍስ አባት፣ ገሳይ ያሉት ቄስ፣ ስለ ሕመማቸው ጠዋት እንዲቀምሱ ፈቀዱላቸው። እኔ ቤት ነበር ያረፉት፤ ቁርሳቸውን በየጠዋቱ ክፍላቸው አስገባላቸዋለሁ። ጸልየው ብቻቸውን መብላት ልማዳቸው ነው። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ትንሽ የከሱ መስለውኝ ነበር፤ እሱንም በመርፌው አሳበብኩ።

የዚያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ከሲሳይ ክፍል ውጭ ባለችው መጠበቂያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዲት ጉልበቷን የምታሽ እናትና ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ግራ ክንዱን ያቀፈ ጎልማሳ። ሲሳይ እንደ ሁልጊዜው «የኔታ፣ ቀምሰዋል?» አለ። «ተመስገን» አሉ አባቴ። መርፌዎቹን ተክሎ እጁን ሊታጠብ ወጣ። እኔ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ።

ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። በመካከሉ የአባቴ የጸሎት ድምፅ ይሰማኛል። ድንገት የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፤ ግን የሚያየኝ ሰው የለም። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ግንባራቸውን ስነካው ውርጭ ነው፤ በላብ ርሷል።

«ሲሳይ!» ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ሮጦ ገባ። መርፌዎቹን እየነቀለ፣ «ቁርስ በልተዋል አይደል?» አለኝ።

«በልተዋል! ራሴ ነኝ ያቀረብኩላቸው!»

ገልብጠን በጀርባቸው አስተኛናቸው፤ እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረግን። ሲሳይ አንገታቸውን ዳሰሰ። እኔ የሲሳይን ፊት ነው የማየው፤ ከፊቱ ነገር ላነብ። ጉልበቷን የሚያማት እናት በር ላይ ቆማ ታማትባለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ፦ ገደልናቸው፣ ገደልናቸው።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሱ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሲሳይ ስኳር በጥብጦ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ አስጠጋ። «የኔታ፣ ይጠጡ፣ ቶሎ።»

አባቴ ግን ፊታቸውን አዞሩ። «ስንት ሰዓት ነው?» አሉ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ስድስት ተኩል» አልኩ።

«እንግዲያማ አልደረሰም።»

ለጊዜው የሚቃዡ መሰለኝ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ።

«አባባ፣ ቁርስዎስ? በየቀኑ የምሰጥዎት ቁርስስ?»

«የቆሎ ተማሪዎቹ ይበሉታል» አሉ። «በደጅሽ ሲያልፉ እየጠራሁ። እኔ ሱባኤ ላይ ነኝ፤ ለእመቤቴ ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም።»

ጾሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከኛ ጋር ከሚበሏት በቀር ምንም አልቀመሱም ማለት ነው። ሱባኤ የያዘ ሰው ደግሞ መያዙን አይናገርም። ቢናገር ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል። ሲሳይ በጠየቃቸው ቁጥር «ተመስገን» ብለው የሚያልፉት፣ መዋሸቱንም መናገሩንም ስለሸሹ ነው።

ለመንኳቸው፤ እግራቸውን ሳምኩ። ከተማርኩት የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩ፤ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ አንጎል። ከንፈራቸውን ገጥመው ጣራውን ያያሉ። ለነፍስ አባታቸው ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ፣ ማን ያነሳል? ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከርኩ። የአባቴ ዓይን እንደገና ሲንከራተት አየሁ።

«ወደ ሆስፒታል እናድርስ» አለ ሲሳይ። «ግን ይህን ሳይጠጡ መንገድ ላይ እንዳይደክሙብን እፈራለሁ።» ባጃጅ ሊያቆም ወደ ዝናቡ ወጣ፤ መንገዱ ጎርፍ ይዞ ነበርና ባዶ እጁን ተመለሰ።

ያን ጊዜ ኮፍያ ያደረገው ጎልማሳ «እስቲ ዞር በሉልኝ» ብሎ ገባ። ኮፍያውን አወለቀ። ደኅና በሆነ እጁ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ መስቀል አወጣ።

«ቄስ ነዎት?» አልኩ።

«ነኝ። የቻይና መርፌ ሲወጋ አየነው እንዳይሉኝ ተደብቄ ነው የመጣሁ። ዕጣን የማጥንበትን ጥና ማንሳት አቅቶኛል።»

አባቴ በዚያ ሁኔታቸው ሆነው ጥያቄ አላቸው። «የት ደብር ነው የሚያገለግሉት?»

ነገራቸው። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የነፍስ አባቴ አይደሉም።»

«የነፍስ አባትዎ መቅደስ ውስጥ ናቸው፤ እኔ እዚህ ነኝ» አለ ቄሱ። «ቀኖናውን ሲወጡ እሳቸው ይስጡዎ። የዛሬው ዕዳ በኔ ይሁን፤ እግዚአብሔር ይፍታዎ።» መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አሳረፈ። አባቴ ተሳለሙ። ከንፈራቸው ግን መስቀሉን እንደ ሳመ ተመልሶ ገጠመ።

ቄሱ ብርጭቆውን ከሲሳይ እጅ ተቀብሎ ራሱ ጎንጨት አደረገ።

«የኔታ፣ እኔም ከትናንት ማታ ጀምሬ አልቀመስሁም። ይኸው ፈታሁ። ካህን ለብቻው ጾም ሽሮ እንዲሄድ ያደርጋሉ?»

ከአባቴ ዓይን ጥግ እንባ ወረደ። አፋቸውን ከፈቱ። ብርጭቆውን ከቄሱ ተቀብዬ ያጠጣኋቸው እኔ ነበርኩ፤ ግማሹ ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። የቀረው ግን ወረደ። ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ ሳይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሲሳይ ግን ቄሱን አፍጥጦ ያያል። «እርስዎም በባዶ ሆድ ነው እንድወጋዎ የመጡት?»

ቄሱ ወለሉን አየ። በር ላይ ያለችው እናት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔም አልቀመስሁ ልጄ» አለች።

ሲሳይ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ አባቴ እንዲቀመጡ ደገፍናቸው፤ ከንፈራቸው ቀለም መልሶ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ግፊታቸውም ስኳራቸውም ወርዷል ተብሎ ጉሉኮስ ተተከለላቸው። ሐኪሙ «እንኳን ትንሽ ነገር ቀምሰው መጡ» አለ። ሌላ አላብራራም፤ እኔም እንዲያብራራ አልፈለግኩም።

ማታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነደደኝ። ፍርሃቱ ሲያልፍ ቁጣው መጣ። «አባባ፣ የነፍስ አባትዎ ፈቅደውልዎት፣ እግርዎ እየተሻለዎት፣ ምን አሳሰበዎት?»

«አንች ነሻ!» አሉ ቀስ ብለው። «መርፌው አይደለም፣ ማመኑ ነው የሚያድን አላልሽኝም? ተሻለኝ። እንግዲያ የሚያድነው እምነት ከሆነ፣ ለቻይና መርፌ እምነት ሰጥቼ እመቤቴን ላስቀይም? እምነቱን ወደ ባለቤቱ ልመልስ ብዬ ሱባኤ ገባሁ።»

በሕይወቴ እንዲህ በራሴ ቃል የረታኝ ሰው አላጋጠመኝም። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይስቁ ነበር።

የነፍስ አባታቸው በማግስቱ ከገሳይ መጥተው ተቆጧቸው። ቀኖናም ሰጧቸው፦ ሐኪም የሚላቸውን ሁሉ እንዲሰሙ። ከቀኖና ሁሉ የከበደባቸው ይኸኛው ሳይሆን አልቀረም። ሐኪሙ ያዘዘውን እረፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ተኝተው ጨረሱ። ሲሳይም ከዚያ ወዲህ በጾም ወራት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሰው አይቀበልም፤ ሲጎርሱ ቆሞ ሳያይ መርፌ አያነሳም ይሉታል።

አባቴ አሁን ያስተምራሉ። ተማሪዎቹም አብዛኞቹ ተመልሰዋል። መርፌው ነው? ሱባኤው ነው? እረፍቱ ነው? ሁሉም በአንድ ክረምት ስለተደራረበ፣ እንደ ባዮሎጂ መምህርት ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፤ ከምር አላውቅም። «ልሂድ ወይ?» ላለኝ ግን መልስ አለኝ፦ ሂዱ፣ በልታችሁ ሂዱ።

የተገጠሙት የአባቴ ከንፈሮች ዛሬም ይመጡብኛል። ሰው በሰላም ተቀምጦ ሳለ በቃሉ ጸንቶ ሊሞትብኝ እንደሚችል ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። ፈራኋቸው፣ ኮራሁባቸው፣ ተናደድኩባቸው፤ ሦስቱም እስካሁን አልለቀቁኝም።

በወር አንዴ ለመርፌው ሲመጡ እኔ ዘንድ ያድራሉ። ቁርሳቸውን ክፍላቸው አላስገባም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ እስኪውጡ አያቸዋለሁ።

«ምነው አንች፣ እስረኛ ነኝ?» ይሉኛል ተቆጥተው።

«አዎ አባባ» እላቸዋለሁ። ሲቆጡ ደስ ይለኛል።